ለፔዳል ስፌት መኪና አዲስ ጠረጴዛ፣ ከልኬት እስከ ርክክብ (ደብረ ብርሃን)

ጥቅምት ማለቂያ፣ ልኬት

ሥራው የፔዳል ስፌት መኪና ጠረጴዛ ነው። የብረት እግሩ ደህና ነው፣ ላዩ ግን ቺፕውድ (የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጭኖ የተሠራ ሰሌዳ) ስለሆነ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ማጠፊያው የታሰረበት ጋ ተፈርፍሮ ቪቴ መያዝ አቁሟል። ባለቤቷ ጠባሴ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ ይሰፋሉ። ካውያውም እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ውሃ እየረጩ ሲተኩሱ ኖረው ቺፕውድ እስከዛሬ መቆየቱም ጥሩ ነው። "ላዩን ብቻ ቀይርልኝ፣ እግሩን እንዳትነካብኝ፣ መብራት ሲጠፋ እንጀራዬ እሱ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ባለ ሞተር የያዙት ጎረቤቶቻቸው መብራት ሲሄድ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚውሉት።

ሜትር ከማውጣቴ በፊት ቁጭ ብዬ ሲሰፉ አየኋቸው። ማሽኑ ከጠረጴዛው ወደ አንድ ሴንቲ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ ድሮ አንዱ ሰው ከሥር ካርቶን ጠቅጥቆበታል። ጨርቁ እዛች ከፍታ ላይ ይሰናከላል፣ በግራ በኩል ደግሞ ጠረጴዛው ቶሎ ስለሚያልቅ መጋረጃ ሲሰፉ ጨርቁ ወደ መሬት ይጎትታል፣ እሳቸው በግራ ክንዳቸው አንጠልጥለው ይይዙታል። ሙሉ ቀን እንደዛ። "ትከሻዬን ገደለኝ" ሲሉኝ ምክንያቱ ፊት ለፊቴ ነበር። ስለዚህ ላዩን ብቻ መቀየር አይበቃም አልኳቸው፣ ጨርቁን መሸከም ያለበት እንጨቱ ነው እንጂ የእርስዎ ክንድ አይደለም። ማሽኑ ከእንጨቱ እኩል ይገባል፣ በግራ በኩል የሚታጠፍ ክንፍ ይጨመራል፣ ተስማማን።

ልኬቱ፦ የማሽኑ መቀመጫ ብረት 37 በ17.8 ሴንቲ። ማሽኑ የቻይና ነው ግን የሲንጀር 15 ኮፒ ስለሆነ ልኩ ያው ነው፣ ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ ነገ ማሽኑ ቢበላሽ ሌላ የዚህ ዓይነት ማሽን አምጥተው እዛው ጉድጓድ ላይ ማስገባት ይችላሉ። ላዩ 95 በ45፣ ክንፉ 45 በ45፣ ከመሬት እስከ ላይ 76። ማታ ሱቁን ሲዘጉ በሩ እንዲዘጋ ክንፉ የግድ መታጠፍ አለበት፣ ሱቋ በጣም ጠባብ ናት።

ዋጋ 11,000 ብር፣ ቀብድ 5,000። ከገና በፊት እንዲደርስ ነው የሚፈልጉት ምክንያቱም ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው ብር የሚያገኙት።

ኅዳር መጀመሪያ፣ እንጨት

ዋንዛ ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ለዕቃ የሚስተካከለው የለም፣ ግን ዋንዛ የኛን ብርድ አይችልም ከወይና ደጋው ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም ለዚህ ሥራ አይቀመስም። ጽድና ዝግባ ከወፍ ዋሻ የወጣ ነው ብሎ የሚያመጣልኝ ሰው ቢኖርም አልገዛም፣ ያ ጫካ ለሸዋ የቀረ ሀብት ነው፣ ለጠረጴዛ ብዬ እጄን አላስገባበትም። ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፣ ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል ይሰነጠቃል፣ ለሰፊ ገጽ አላምነውም። ለድጋፍ፣ ለመሳቢያ መንሸራተቻ፣ ቪቴ ጥብቅ አድርጎ መያዝ ላለበት ቦታ ግን ከሱ የተሻለ የለኝም፣ ሦስት ዓመት የደረቀ ቁራጭ ጥግ ላይ አለኝ።

የቀረው የፈረንጅ ጥድ ነው። ቀላል ነው፣ መላጊያ ይወዳል፣ ሲደርቅ ብዙ አይንቀሳቀስም። ጉዳቱ ለስላሳ መሆኑ ነው፣ መቀስ ቢወድቅበት ይጎደጉዳል። እትዬን ጠየቅኳቸው፣ "መቀሱን እኔ አስሬ ነው የማስቀምጠው" አሉ። ሦስት ጣውላ በ900 ገዛሁ፣ 2,700፣ ባጃጅ 200። ጉጥ የበዛበትን ለመሳቢያ፣ ንጹሑን ለላይኛው ገጽ ለየሁ፣ በተለይ ማሽኑ የሚገባበት ጋ ጉጥ እንዳይውል እርሳስ አድርጌ ምልክት አኖርኩ።

ሻጩ "ደረቅ ነው" ብሎኛል። ሁሉም ሻጭ ደረቅ ነው ይላል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለኝም ስለዚህ በሚዛን ነው የማረጋግጠው፣ ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከመሀሉ ትንሽ ቁራጭ እቆርጣለሁ፣ በኩሽና ዲጂታል ሚዛን እመዝናለሁ፣ ከዛ እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ ምጣዱ ላይ እየተገላበጠ ይቆያል፣ እንደገና ይመዘናል፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም። የጠፋውን ለደረቀው ክብደት ማካፈል ነው። የዚህኛው 312 ግራም ነበር፣ ሲያልቅ 268 ሆነ፣ 44 ግራም ውሃ፣ ወደ 16 በመቶ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ዕቃ ከ12 በታች ካልሆነ መሥራት አልፈልግም፣ በተለይ ክፍተቱ በሚሊሜትር ለሚለካ ሥራ።

ጣውላውን በቁመቱ ለሁለት አስሰነጠቅኩት፣ ሰፊ ጣውላ እንዳለ ሲደርቅ ይጎብጣል። ከዛ ቤት ውስጥ በመሀል በመሀሉ ቀጭን እንጨት እያስገባሁ ደረደርኩት፣ አየር በሁሉም በኩል እንዲያልፍ። ፀሐይ ላይ አላወጣሁትም፣ የኅዳር ፀሐያችን ለዓይን ለስላሳ ይመስላል እንጂ አየሩ ደረቅ ስለሆነ የጣውላውን ጫፍ በአንድ ቀን ይሰነጥቀዋል። ጫፎቹን ትርፍ ቀለም ቀባኋቸው፣ ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ እንዳይወጣ።

ኅዳር አጋማሽ፣ በርጩማው

እንጨቱ እስኪደርቅ ሌላውን ነገር ጨረስኩ። ከጠረጴዛው ጋር አብሮ መታየት ያለበት መቀመጫው ነው። እትዬ የሚቀመጡት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው፣ መቀመጫው 43 ሴንቲ። ጠረጴዛው 76 ስለሆነ ክርናቸው ከእንጨቱ በታች ይውላል፣ ስለዚህ ትከሻቸውን ሽቅብ ሰቅለው ነው የሚሰፉት። የትከሻው ሕመም ግማሹ ከዚህ ነው የመጣው ብዬ አምናለሁ።

ወንበሩ ላይ የጣውላ ቁራጭ እየደረብኩ እያስቀመጥኳቸው ሞከርን። በጣም ሲጨምር ክርናቸው ይስተካከላል ግን እግራቸው ፔዳሉን በጫፉ ብቻ ነው የሚነካው፣ ተረከዛቸው ይንጠለጠላል። ፔዳል ደግሞ በተረከዝና በጣት ተራ በተራ ካልተረገጠ ወደ ኋላ ይዞርና ክሩን ይበጥሳል። 48 ላይ ቆምን፣ "አሁን እግሬም እጄም ተስማማ" አሉ። በርጩማውን ከባሕር ዛፍ ሠራሁት፣ መቀመጫው ወደ ፊት ትንሽ ያዘነበለ፣ ወገብ ቀጥ እንዲል።

ኅዳር ማለቂያ፣ ኮላ

ጣውላው ክብደቱ መቀነስ አቁሟል። ማሽን ቤት ወስጄ አስላጨሁት፣ 350 ብር፣ 2.2 ሴንቲ ውፍረት ሆኖ መጣ። ጠርዞቹን በእጅ መላጊያ አስተካከልኩ፣ ሁለቱን ጠርዝ አጋጥሜ ወደ ብርሃን ሳሳይ ምንም እስከማይታይ። የዓመት ቀለበቱን አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያገላበጥኩ ደረደርኩት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ጠቅላላው ገጽ ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል።

ነጭ ኮላ አንድ ኪሎ 400። ማታ ላይ ተጣብቆ በሞርሳ ታስሮ አደረ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነበር፣ ጠዋት ውጪ ያለው የባልዲ ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቷል። ሞርሳውን ፈትተን ረዳቴ በጉልበቱ ትንሽ ሲጫነው ሁለቱ ጣውላዎች ተላቀቁ። እንጨት ቀድዶ ቢላቀቅ ሌላ ነገር ነው፣ ይሄ ግን ንጹሕ ሆኖ ነው የተለያየው፣ የኮላው መስመር እንደ ጠመኔ ነጭ ሆኖ በጣት ሲነካ ይቦናል።

ጎረቤቴ ያሉት ጋሼ፣ ድሮ አናጢ የነበሩ፣ አይተው "ኮላ እንደ ሊጥ ነው፣ ብርድ ላይ አይነሳም" አሉኝ። ትክክል ናቸው። ነጭ ኮላ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን የፕላስቲክ ጠብታዎች ውሃው ሲሄድ እርስ በርስ ቀልጠው አንድ ሽፋን መሆን አለባቸው፣ ለዛ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ። ከዛ በታች ከሆነ ውሃው ይሄዳል ጠብታዎቹ ግን ሳይዋሃዱ ዱቄት ሆነው ይቀራሉ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ላይ ኮላ የሚሠራበት ቦታ አይደለም። ይሄን ሸዋ ሮቢት ያለ አናጢ ሊያስብበት አይገባም፣ እኛ ግን የግድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ቀን ላይ አየሩ ሞቆ እንጨቱ ግን ከሌሊቱ ጀምሮ እንደቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል፣ ወሳኙ የእንጨቱ ሙቀት ነው።

ሁለተኛው ሙከራ እንዲህ ሆነ፦ ያረጀው ኮላ በሙሉ በመላጊያ ተነሳ፣ ምክንያቱም ነጭ ኮላ በደረቀ ነጭ ኮላ ላይ አይይዝም፣ እንጨት ማግኘት አለበት። ከ4 ሰዓት ጀምሮ ጣውላዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ጠርዛቸው ፀሐይ እንዲመታው ተደረገ፣ የኮላው ጣሳ ከመኝታ ቤት መጣ፣ 6 ሰዓት ላይ ተቀባ። ሞርሳ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየተፈራረቀ በየ30 ሴንቲው። ኮላው በጠርዙ በኩል በቀጭን ጠብታ ጠብታ ሲወጣ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ማጥበቅ ኮላውን ሁሉ ጨምቆ ማውጣት ነው። ወዲያው ወደ ቤት ገባ፣ ከሥሩ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ ከላዩ የከተማችን ፋብሪካ ወፍራም ብርድ ልብስ። እስከ ነገው እኩለ ቀን አልተነካም።

ከተረፈው ጫፍ ቁራጭ ቆርጬ በመዶሻ ሰበርኩት። መገጣጠሚያው ጎን ያለው እንጨት ተሰበረ፣ ኮላው አልተላቀቀም። ከዚህ በኋላ የክረምትም የበጋም ኮላዬ ማታ ማታ መኝታ ቤት ነው የሚያድረው፣ አንዴ በረዶ የነካው ኮላ እየተጓጎለ ለምንም አይሆንም።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ጉድጓዱ

ለኔ የሥራው ልብ ይሄ ነው። ማሽኑን ካርቶን ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ወሰድኩ፣ ቆርጬ በማሽኑ ላይ ለካሁ፣ ከዛ በ4 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሳጎማ (የቅርጽ መቅጃ) ሠራሁ። አራቱም ማዕዘን ክብ ነው፣ በተለይ በስተቀኝ ያሉት ሁለቱ ከግራዎቹ ትንሽ ይለያሉ፣ አሠራሩ ወይም ሞረዱ ይሆናል፣ ስለዚህ ሳጎማ ሳይሠሩ ከወረቀት ልኬት ብቻ መቁረጥ አይመከርም።

ክፍተት ስንት ይተው? የእንጨቱ ፈትል በጠረጴዛው ርዝመት ስለሚሄድ በርዝመት በኩል ምንም አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በስፋት በኩል ግን 17.8 ሴንቲ ላይ ከበጋ ወደ ክረምት እስከ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ሊሄድ ይችላል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ በርዝመቱ በየጎኑ ግማሽ ሚሊ፣ በስፋቱ በየጎኑ አንድ ሚሊ። ከዚህ ከሰፋ መርፌና ስፒል ይገባበታል፣ ከጠበበ በጋ ላይ እንጨቱ ሲደርቅ ጉድጓዱም አብሮ ስለሚጠብ ማሽኑ ተቀርቅሮ አይነሳም።

ማዕዘኖቹን በድሪል በሳሁ፣ በመሀሉ በጂግሶ፣ መስመሩን ሳልነካ ሁለት ሚሊ አስቀርቼ። ሦስተኛው ጎን ላይ መብራት ሄደ፣ የቀረውን በቀጭን የእጅ መጋዝ ጨረስኩት። የቀረችውን ሁለት ሚሊ በሹል መሮና በሞረድ፣ ከላይ ወደ መሀል፣ ገልብጦ ከታች ወደ መሀል፣ እንዲህ ከሆነ ጠርዙ አይሸረፍም።

አሁን እኩል ማድረግ። ማሽኑ የሚያርፍበት ከሥር ትንንሽ የባሕር ዛፍ ማረፊያ ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ብዙ አናጢ የሚያልፈው ነገር አለ። የዚህ ማሽን ቦቢን (የሥሩ ክር የሚጠቀለልበት) በግራ በኩል ነው የሚገባው፣ ከላዩ ያለችው ቀጭን ብረት ወደ ግራ ተንሸራታ ነው የምትከፈተው። ወደ ግራ ስትንሸራተት የምትሄደው እንጨቱ ላይ ነው። እንጨቱ ከብረቱ ፀጉር ታህል ከፍ ካለ ብረቷ ትሰናከላለች፣ እትዬ ቦቢን በቀየሩ ቁጥር ማሽኑን ማንሳት ይጠበቅባቸዋል። ስለዚህ እኩል ስንል እንጨቱ ከብረቱ በአንድ ወረቀት ውፍረት ዝቅ ማለት አለበት፣ ጨርቅ ያን ያህል ልዩነት አያውቀውም፣ ብረቷ ግን ታውቀዋለች። ከግራው ጠርዝ ሥር ደግሞ ማረፊያ አላደረግኩም፣ ቦቢን የሚይዙት ሁለት ጣቶች መግቢያ ነው። ማረፊያዎቹ ከፊት ሁለቱ ማዕዘን ላይ ብቻ ናቸው፣ ከኋላ ማጠፊያዎቹ ይሸከሙታል።

ማረፊያዎቹን ሆን ብዬ ሦስት ሚሊ ዝቅ አድርጌ ነው ያሰርኳቸው፣ ከዛ ከላይ ንጣፍ በመጨመር ልኩን ማምጣት። ካርቶን በጊዜ ብዛት ይጨፈለቃል፣ ጎማ ዘይት ሲነካው ይበላሻል። ቤት ውስጥ ያረጀ የመንዝ በርኖስ ነበር፣ ከጫፉ ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ጥብቅ ያለ ሱፍ ነው፣ ማሽኑ ሲጫነው ትንሽ ገባ ብሎ እዛው ይቆማል፣ ንዝረቱንም ይውጣል። በየማዕዘኑ ውፍረቱን እየቀነስኩ በብረት ማስመሪያ እየፈተሽኩ፣ ማስመሪያው ከእንጨት ወደ ብረት ሲሄድ በጣት ጥፍር ብቻ የምትሰማ ልዩነት ስትቀር አቆምኩ።

ማጠፊያና ቺንጋ

የማጠፊያው ቦታ በመሮ ተቆፍሮ ገባ። የፈረንጅ ጥድ ጠርዝ አካባቢ ቪቴ በደንብ ስለማይዝ ከሥር የባሕር ዛፍ ቁራጭ አጣብቄ ቪቴው እዛ ድረስ ይዘልቃል። ማሽኑ ከአሥር ኪሎ በላይ ነው፣ ዘይት ለመቀባት ወደ ኋላ በተጋደመ ቁጥር ክብደቱ ሁለት ማጠፊያ ላይ ነው። ቺፕውዱ የሞተውም በዚሁ ነው።

ላዩን በብረት እግሩ ላይ ለማሰር የድሮው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች መቅዳት አልቻልኩም፣ ቺፕውዱ ስላበጠ ሁሉም ተዛብቷል። ማሽኑን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቼ ከእጅ መዘውሩ የቺንጋ (ከታች ያለውን መዘውር ከማሽኑ የሚያገናኘው ቀበቶ) መስመር ቱንቢ ጣልኩ፣ ቱንቢው ከታች ባለው ትልቁ መዘውር መስመር ላይ በትክክል እስኪወድቅ ድረስ ላዩን ገፋ ሳብ አደረግነው። ከዛ በኋላ ነው ምልክት የተደረገው። ቺንጋው ጠማማ ከሄደ በየጊዜው ይወርዳል፣ ጠርዙም ይበላል።

ላዩን በእግሩ ላይ ያሰሩት አራቱ ቪቴዎች ቀዳዳቸው ክብ አይደለም፣ ወደ ስፋቱ አቅጣጫ የተለጠጠ ነው፣ እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ እንዲንሸራተት። ሮንዴላ ተደርጎባቸዋል።

ቺንጋው ክብ ቆዳ ነው፣ ወደ 5 ሚሊ ገደማ ውፍረት፣ እትዬ ራሳቸው ገዝተው አመጡ። በወስፌ በስቼ በሽቦ አጋጠምኩት። መጀመሪያ ላይ ስቤ ስለነበር ፔዳሉ ከበደ፣ አንድ ሴንቲ ለቀቅ ሲል በሁለት ጣት ግፊት ብቻ መዞር ጀመረ።

ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ክንፉ

ማጠፊያው ከላይ ቢታይ ጉብታው ጨርቅ ስለሚይዝ ከሥር ነው የታሰረው፣ ሦስት ማጠፊያ 360 ብር። ክንፉ ሲዘረጋ ሁለቱ ጠርዞች ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ። ይሄ ቀላል ነው፣ ከባዱ ድጋፉ ነው።

መጀመሪያ ከብረታ ብረት ሱቅ የሚታጠፍ የብረት ድጋፍ ገዛሁ፣ ጥንድ 600 ብር። ታስሮ ባዶውን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሙሉ መጋረጃ ስጭንበት ጫፉ 4 ሚሊ ወረደ፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ፒን ላላ ነው፣ ቪቴ ማጥበቅ አይረዳውም። ለመደርደሪያ ሊሆን ይችላል፣ ለስፌት አይሆንም፣ ጨርቁ ቁልቁል እየተንሸራተተ መርፌውን ይጎትተዋል፣ ስፌቱ ይጣመማል። ፈታሁት።

በምትኩ እንደ በር የሚዞር የባሕር ዛፍ ድጋፍ ሠራሁ፣ በጠረጴዛው ሥር ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ወደ ውጪ ይወጣል። ክንፉ ሥር ድጋፉ የሚያርፍበት ጋ ቀጭን ሽብልቅ ተጣብቋል። ድጋፉ ሽብልቁ ላይ እየወጣ ሲሄድ ክንፉን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ልክ እኩል ሲሆን መቆሚያዋ ትይዘዋለች። ከዓመት በኋላ ቢላላ ሽብልቁን አንድ ሚሊ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው። ያንኑ መጋረጃ ጫንኩበት፣ ማስመሪያውን አሳለፍኩ፣ አልወረደም። ይሄኛው በጣም ነው ያስደሰተኝ።

መሳቢያና የክር መደርደሪያ

በአጭሩ። መሳቢያው 6 ሴንቲ ብቻ ነው ጥልቀቱ፣ ቦቢን፣ መርፌ፣ ጠመኔ፣ ሜትር። ጥልቅ መሳቢያ ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ነው የሚሆነው። መደርደሪያው ግድግዳ ላይ ነው፣ የባሕር ዛፍ ችንካር ወደ ላይ ትንሽ አዘንብሎ፣ ክሩ እንዳይወድቅ። ለትልቁ ኮን ክር በ8 ሴንቲ ርቀት፣ ለትንንሹ በ4። ድሪሉ ሁሉንም በአንድ ማዘንበል እንዲበሳ አንድ ቁራጭ እንጨት አስቀድሜ በስቼ እሱን እንደ መሪ ተጠቀምኩ።

ታኅሣሥ ማለቂያ፣ ማለስለስና ቫርኒሽ

ብርጭቆ ወረቀት ከ80 ጀምሮ 120፣ 180፣ 240፣ 320፣ በጠቅላላ 240 ብር። ለሌላ ጠረጴዛ 180 ይበቃል፣ እዚህ ግን ነጠላ ነው የሚያልፍበት። እጅ ለስላሳ ነው ያለውን ነጠላ አይቀበለውም። የባለቤቴን አሮጌ ነጠላ ይዤ ሙሉውን ገጽ በሁሉም አቅጣጫ ጎተትኩበት፣ ሁለት ቦታ ያዘ፣ አንዱ ጉጥ ዳር ነው፣ አንዱ የክንፉ ጠርዝ ላይ። የጉጡን ዳር ስቱኮ አድርጌ እንደገና፣ ጠርዞቹን ሁሉ ክብ አደረግኩ። ነጠላው ራሱ እየተንሸራተተ ሲወድቅ አቆምኩ።

የተልባ ዘይት እንጨቱን ያሳምረዋል ግን ለዚህ ሥራ አልተጠቀምኩም፣ ዘይት ቀስ እያለ ነጭ ጨርቅ ላይ ቢወጣ የሰው የጥምቀት ልብስ ነው የሚበላሸው። በነገራችን ላይ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ይነሳል፣ ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት፣ የእንጨት ብናኝ ባለበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም።

ቀለም አልባ ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ከነቲነሩ 1,150። ሦስት ስስ ቅብ፣ በመሀሉ በ320 ቀለል አድርጎ። ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከሥሩም፣ የጉድጓዱም ውስጥ ጠርዝ። ከላይ ብቻ ከተቀባ አንዱ ገጽ እርጥበት እየሳበ ሌላው ስለማይስብ ይጎብጣል። የጉድጓዱ ጠርዝ ደግሞ የማሽን ዘይት የሚንጠባጠብበት ነው፣ ባዶ እንጨት ከሆነ ይጠጣውና ዓመቱን ሙሉ ጨርቅ ያቆሽሻል። እዚህም ብርዱ አለ፣ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ካልተቀባ እስከ ማታ አይደርቅም፣ አቧራ ይሰበስባል። የመጨረሻው ቅብ ሽታው እስኪጠፋ አቆየሁት፣ ሳይጠነክር ጨርቅ ቢቀመጥበት ምልክት ይይዛል።

ገና ዋዜማ ሰሞን፣ ርክክብ

ሱቁ ውስጥ ገጠምነው። ወለሉ ጠማማ ነው፣ በውሃ ልክ አይቼ በአንዱ እግር ሥር ቀጭን ላሜራ አስገባሁ። ማሽኑ ገባ፣ የቦቢኗ ብረት ያለምንም መሰናክል ተከፈተች፣ ክንፉ ተዘረጋ፣ ተጣጠፈ፣ በሩ ተዘጋ።

እትዬ ረጅም መጋረጃ ነበራቸው፣ እሱን ጀመሩ። ግራ እጃቸውን በልማድ አንስተው ጨርቁን ሊይዙ ሄዱና መልሰው አስቀመጡት። "ራሱ እየሄደ ነው እኮ" አሉ። ክንፉ ላይ ያለው ጨርቅ ተከምሮ ተቀመጠ፣ መርፌው የሚጎትተው የሚሰፋውን ብቻ ነው። ካውያውን ግን እዚህ ላይ እንዳያስቀምጡ ለምኛቸዋለሁ፣ ቫርኒሽም ቢሆን ሙቀትና እንፋሎት አይወድም፣ ለመተኮሻ በብርድ ልብስ የተለበጠ ትርፍ ሰሌዳ ያለ ክፍያ ሠራሁላቸው።

ወጪ፦ ጣውላ 2,700፣ ባጃጅ 200፣ ማሽን ቤት 350፣ ኮላ 400፣ ማጠፊያ 360፣ ቪቴና ሮንዴላ 180፣ ብርጭቆ ወረቀት 240፣ ቫርኒሽ 1,150፣ ያልሠራው የብረት ድጋፍ 600። ጠቅላላ 6,180። ከ11,000 ላይ 4,820 ተረፈ፣ የኔና የረዳቴ ጉልበት፣ መሳቢያውም በርጩማውም በዚሁ ውስጥ ነው። ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ሥራ 12,500 ነው የምጠይቀው፣ ከዛ በታች ማድረቁንና ማለስለሱን ሳያሳጥሩ መሥራት አይቻልም፣ እነሱን ማሳጠር ደግሞ አልፈልግም።

የቀረ ነገር፦ ሐምሌ ላይ ሄጄ የጉድጓዱን ክፍተት መለካት አለብኝ፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ስንት እንደሚሰፋ በትክክል ይታወቃል፣ ቁጥሩን እዚሁ እጽፈዋለሁ። መሳቢያው ውስጥ ስፒል የሚይዝ ማግኔት ፈልገዋል፣ ከተበላሸ ስፒከር አውጥቼ አመጣላቸዋለሁ።

ጎረቤታቸው አይተው ባለ ሞተር የፋብሪካ ማሽን ጠረጴዛ አዘዋል። የሱ መቀመጫ 47.6 በ17.8 ነው፣ ላዩ 120 በ55 ይሆናል፣ ሞተሩ ከሥር ተንጠልጥሎ ስለሚንቀጠቀጥ 2.2 ሴንቲ አይበቃም፣ ሁለት ድርብ አጣብቄ ወደ 4 ሴንቲ አመጣዋለሁ። ጣውላው ከትናንት ጀምሮ ተደርድሯል፣ የመጀመሪያው ቁራጭ 18 በመቶ ነው ያሳየው፣ ስለዚህ ኮላው ከጥምቀት በኋላ ነው።